የአሥረኛ ክፍል በግ

የክፍል ጓደኛዬ ቱራት ሲናገር፣ ሽማግሌው ጁማዲል ያን ዕለት መዳፋቸውን ዘርግተው የመረቁት «ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው ነው። ትምህርት ደግሞ፣ ይላል ቱራት፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከዚያ በላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለዚህ ምርቃቱ የልጅ ልጃቸው ጃዝጉል ዲግሪዋን እስክትይዝ ድረስ ይሠራል።

ጁማዲል ሲናገሩ ግን የመረቁት «ደወሏን ትስማ» ብለው ነው። ደወል ማለት በግንቦት መጨረሻ ለተመራቂዎች የሚደወለው የመጨረሻው ደወል ነው። እሱ ሲደወል የሰጡት ቃል ያልቃል፤ ልጅቷም ሞስኮ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ሁለቱም አይዋሹም። ቱራት ቀልደኛ ነው እንጂ ዋሾ አይደለም። ጁማዲል ደግሞ በመንደራችን በኮክካይንግ የግጦሽ ጠብ ሲነሳ ሁለቱም ወገን ዳኛ የሚያደርጓቸው ሰው ናቸው። እኔም በዚያ ዕለት አብሬ ሄጄ ነበር፤ ነገር ግን ምርቃቱ ሲሰጥ ውጭ በግ ይዤ ቆሜ ስለነበር አልሰማሁም። ምርቃት በእኛ ዘንድ ባታ ይባላል። መዳፍ ተዘርግቶ ቃሉ ከተነገረ፣ ከዚያም መዳፉ ፊትን ከዳሰሰ በኋላ አይመለስም፣ አይታረምም። የጃዝጉል ዕጣ የተንጠለጠለው ማንም ሊያስተካክለው በማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረስን ነው። ከዘጠነኛ በኋላ ክፍል ይሳሳል። አንዱ ከተማ ወርዶ ሙያ ይማራል፣ ሌላው ከአባቱ ጋር መንጋ ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል፣ ሌላዋ ወደ ሩሲያ ትሻገራለች። በዚያ ዓመት ከወረዳ የመጣው መልእክት ደግሞ አጭር ነበር፦ አሥር ተማሪ ካልሞላ አሥረኛ ክፍል አይከፈትም። ለመቀጠል የቆረጥነው ከጃዝጉል ጋር ልክ አሥር ነበርን። በዚያው ሳምንት ጃዝጉል እናቷ ልትወስዳት እንደሆነ ነገረችን። እናቷ ሞስኮ በልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ጃዝጉልን ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት አያቷ ጁማዲል ናቸው።

«እንሂድና ሽማግሌውን እንለምናቸው» አለ ቱራት።

«ባዶ እጃችንን?» አለ ዶሎት። ዶሎት ትከሻው የበር ያህል ነው፤ አፉ ግን ከቁልፍ ቀዳዳ አይሰፋም። ሲናገር ስለማይሳሳት ሁላችንም እንሰማዋለን።

ትልቅ ሰው ቤት ልመና ባዶ እጅ አይኬድም። ስለዚህ ዶሎት አባቱን አስፈቅዶ ከመንጋው አንዲት ነጭ በግ ጎትቶ አመጣ። የቱራት እናት ቦርሶክ የሚባለውን የሊጥ ቁራሽ በዘይት ጠብሰው፣ ከረሜላ ጨምረውበት፣ በአዲስ ነጭ ሻሽ ቋጠሩልን። እኛም ለክብር ብለን የአባቶቻችንን ነጭ ካልፓክ ቆብ ደፋን። ሦስት ጎረምሶች፣ በራሳቸው ላይ ነጭ ቆብ፣ በእጃቸው ነጭ ሻሽ፣ በገመድ ነጭ በግ፣ ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ያለች ልጅ ባለችበት ቤት ደጃፍ ላይ። እኛ ምን እንደምንመስል አልታየንም። መንደሩ ግን አየ። ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ደግ ቀን ያድርገው፣ ልጆቼ! ጎሽ! ደፋሮች!» ሲሉን ስለ ትምህርት የሚያበረታቱን መስሎን እጅ ነሣን።

ጁማዲል በሩ ላይ ወጡ። ዓይናቸው ከቆቡ ወደ ሻሹ፣ ከሻሹ ወደ በጓ ሄደ።

«አሰላም አለይኩም፣ አታ» አለ ቱራት። አታ የምንለው ለአባትም ለአያትም ነው። «ልጅዎን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ሽማግሌው «አገሩ ሽማግሌ አጥቶ ነው ጢም ያላበቀለ የተላከብኝ?» አሉ።

«እኛው እንበቃለን ብለን ነው፣ አታ።»

«ለመሆኑ ለማንኛችሁ ነው?»

«ለሁላችንም፣ አታ!» አለ ቱራት ደረቱን ነፍቶ። «ለክፍሉ በሙሉ!»

ጁማዲል እጃቸውን ወደ በሩ ውስጥ ሰደዱና ከሚስማሩ ላይ አለንጋቸውን አወረዱ።

ያዳነን ዶሎት ነው። «አሥረኛ ክፍል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ጮኾ ሰምቼው አላውቅም። «ለአሥረኛ ክፍል ነው፣ አታ! አሥረኛዋ እሷ ናት! እሷ ከሌለች አይከፈትም!»

አለንጋው እንደተነሳ ቀረ። የሽማግሌው ጺም ሲንቀጠቀጥ ቁጣ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። «በሉ ግቡ፣ እናንት እብዶች» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ሳማት፣ አንተ በጓን ይዘህ እዚያው ቁም። ይቺ በግ ደጄን ካለፈች ነገሩ ሌላ ይሆናል።»

እኔና በጓ ውጭ ቀረን። ቱራትና ዶሎት ሲወጡ ቱራት የአባቱን ካልፓክ ወደ ላይ ወርውሮ ቆቡ ጣሪያ ላይ ቀረ። አሥረኛ ክፍል ተከፈተ።

በጓን ጁማዲል አላረዷትም፤ ቢያርዷት ልጅቷ ታጨች ማለት ነው። አልመለሷትምም፤ ቢመልሷት ለዶሎት አባት ስድብ ነው። ከመንጋቸው ጋር ቀላቀሏት፤ መንደሩም «የአሥረኛ ክፍል በግ» ብሎ ስም አወጣላት። በፀደይ ስትወልድ «ክፍላችሁ እኮ በዛ! ወንበር ይበቃችኋል?» ይሉን ነበር። ጃዝጉልንም ሴቶቹ ውሃ መቅጃው ላይ ሲያገኟት «ማንኛው ነው ባልሽ?» ይሏታል።

«ገና እያረምኳቸው ነው» ትላለች። «እስካሁን ያለፈ የለም።»

ማረሟ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በአሥረኛ ክፍል፣ በበረዶው ክረምት አጋማሽ፣ የሒሳብ መምህራችን ወደ ዋና ከተማ ሄዱ፤ ምትክም አልመጣም። የክፍል ኃላፊያችን ቡሩል ኤጀ የቋንቋ መምህርት ናቸው። ኤጀ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሴት መምህራንን የምንጠራው እንዲያ ነው። ቡሩል ኤጀ የሒሳብ መጽሐፉን ገልጠው አዩና «እኔ ይህን ከማነብ የቻይና ጋዜጣ ባነብ ይሻለኛል» አሉ። ጠመኔውን ያነሳችው ጃዝጉል ናት። ማንም አላዘዛትም። ቡሩል ኤጀ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ጸጥታ ያስከብሩ ነበር፤ አንዳንዴም እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁ ነበር።

«ጃዝጉል፣ አንቺ ስታስረጂኝ ይገባኛል፤ ቤቴ ስደርስ ግን ይወጣል» አለ ቱራት አንድ ቀን።

«ካልፓክህን ድፋበት። ጣሪያችን ላይ አለልህ።»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ምድጃው በየተራችን በምናመጣው ኩበት ይነድዳል። ዶሎት ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ያቀጣጥላል፤ ለምን ብንለው «ፈረሴ በጊዜ ይነሳል» ይላል። የብዕሩ ቀለም ስለሚረጋ ብዕራችንን በብብታችን እናሞቅ ነበር። ፈተና ላይ ሁሉም ተማሪ አንድ እጁን ብብቱ ስር አድርጎ ሲያስብ ከውጭ ለሚያይ ሰው ክፍሉ በሙሉ የቆሰለ ይመስላል።

በአሥራ አንደኛ ክፍል ለወረዳው የሒሳብ ውድድር ሦስት ሆነን ወረድን። የከተማው ልጆች የጫማችንን ጭቃ አይተው ተሳሳቁ። ማታ ውጤቱ ሲነበብ ከሁሉም ትምህርት ቤቶች ሁለተኛ ወጣን፤ የሳቁት አምስተኛ። ከዳኞቹ አንዱ መጥቶ «መምህራችሁ ማን ነው? ላመሰግነው እፈልጋለሁ» አለ። ቱራት በአገጩ ጃዝጉልን አመለከተ።

«ይቺ ናት፤ ግን ይጠንቀቁ፣ ታጭታለች። ለክፍሉ።»

ጃዝጉል በወረዳው የምስክር ወረቀት ራስ ራሱን መታችው። በኋላ ግን፣ በጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ስንመለስ፣ ወረቀቱን በሹራቧ ውስጥ አድርጋ እስከ መንደር ድረስ ስትደግፈው አየኋት። እኛ ሦስታችንም ያን መንገድ ያን ያህል ጮኸን ዘፍነን አናውቅም።

እንግዲህ የመጨረሻው ደወል ሲቃረብ ያሳሰበን የምርቃቱ ቃል የቱ ነው የሚለው ነበር። በየዓመቱ ከደወሉ በፊት ተመራቂው ክፍል ያለፉትን ዓመታት የሚያስታውስ ንግግር ያነባል። ቡሩል ኤጀ «ሳማት ይጻፈው» አሉ። «እሱ ሲመሰክር ለገዛ ፈረሱም አያዳላም።» ሌሎቹም ተስማሙ።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቀርተን እያንዳንዱ የሚያስታውሰውን ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ኩበቱ ገባ፣ የረጋው ብዕር ገባ፣ ውድድሩ ገባ። በጓ ጋ ስንደርስ ቱራት ብድግ አለ።

«ጻፍ፦ ‹ትምህርቷን ትጨርስ› ብለው መረቁ። እንዲያውም አስምርበት። መንደሩ በሙሉ ፊት ይነበብና ሽማግሌው ይካዱ እስቲ!»

«አታ አይክዱም» አለች ጃዝጉል። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «እሳቸው የሚያስታውሱት ሌላ ነው።»

«እና እኔ ዋሸሁ?»

«አልዋሸህም።»

«ዶሎት፣ አንተም ነበርክ! ምን አሉ?»

ዶሎት አሰበ። «እኔ አለንጋውን ነበር የማየው» አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ጃዝጉልን አየሁ፤ አልሳቀችም። በዚያ ዕለት ቤት ውስጥ እሷም እንደነበረች ትዝ አለኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «ምን ሲሉ ሰማሽ?»

«ይኸው በስንት ጊዜው አንድ ሰው ጠየቀኝ» አለች። «ሻይ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አታ ያሉት ‹ትምህርቷን ትጨርስ፤ ደወሏን ትስማ› ነው። በአንድ ትንፋሽ። ቱራት የመጀመሪያውን ሰምቶ በደስታ ሁለተኛውን አልሰማም። አታ ደግሞ በልባቸው የነበረው ሁለተኛው ስለሆነ የመጀመሪያውን ረሱት።»

ቱራት ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ በግ ይዛችሁ መጣችሁ። አታ መረቁ። እናቴ አልጋ አዘጋጀች። ሁላችሁም ስለ እኔ ነው የምታወሩት፤ ከእኔ ጋር ያወራ ግን የለም።»

«ሞስኮ መሄድ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» አለ ቱራት፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

እሷም በመልስ ፈንታ ስልኳን አሳየችን። እናቷ የላከችው ፎቶ ነው፦ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን፣ አንደኛው ላይ መጠቅለያው ያልተቀደደ አዲስ ብርድ ልብስ። «ይህን አይታችሁ አትሂጂ በሉኝ» አለች። «የአገር አቀፍ ፈተናው ውጤቴ ናሪን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያስገባኛል። ሁለቱም እውነት ነው። እናቴን በዓመት አንዴ ነው የማያት። አታም ክፉ አይደሉም፤ ልጅ ከእናቷ ጋር ትሁን ነው የሚሉት።»

ጃዝጉል ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ እኔ ዞረች። «ሳማት፣ ሁለቱንም ጻፍ። የቱራትንም የአታንም፣ ሳታዳላ። የኔን ግን አትጻፍልኝ። አፍ አለኝ።»

የመጨረሻው ደወል ቀን ሰማዩ የጠራ ነበር፤ በረዶው ከተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። መንደሩ በሙሉ መጣ። ሴት ልጆቻችን ነጭ ሽርጥና ትልልቅ ነጭ ሪባን አድርገዋል፤ እኛ በደረታችን ላይ ቀይ ጥብጣብ አጋድመናል። ዶሎት የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ትንሽ ልጅ በትከሻው ላይ አስቀምጧል፤ ሪባን የታሰረበትን የእጅ ደወል የያዘችው እሷ ናት። ግቢውን ዞረው እስኪደውሉ ድረስ ደወሉ እንዳይጮኽ ምላሱን በጣቶቿ ጨብጣ ትጠብቃለች። «አልከበድኩህም?» ስትለው ሰማሁ። «ከበግ ትቀልያለሽ» አላት።

ንግግሩን አነበብኩ። ኩበቱ ጋ አባቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ውድድሩ ጋ ሰው አጨበጨበ፤ ቡሩል ኤጀ መሐረባቸውን አወጡ። «ለሁላችንም፣ አታ!» የሚለው ጋ ስደርስ ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ጁማዲል ራሳቸው በክብር ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፦ ቱራት የሚለውን፣ ቀጥሎ ጁማዲል የሚሉትን። በመጨረሻም እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «በዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ሳይሆኑ አራት ናቸው። አራተኛዋ ከዓመት በላይ ሒሳብ አስተማረችን። የምንኮራባቸው ዓመታት የኖሩት እሷ ስለቀረች ነው። ቃሉን ከእሷ አፍ ገና አልሰማንም።»

ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ጁማዲል ለምርቃት ተነሡ። ከደወሉ በፊት ተመራቂዎቹን የሚመርቀው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ በመንደራችን ደግሞ ከእሳቸው የሚበልጥ የለም። መዳፋቸውን ዘረጉ። ግቢው በሙሉ መዳፉን ዘረጋ፤ እናቶች፣ መምህራን፣ ሕፃናት፣ ዶሎትም በአንድ እጁ ልጅቷን ደግፎ በሌላው።

«መንገዳችሁ የቀና ይሁን» ብለው ጀመሩ። «ፈረሳችሁ አይሰናከል፤ ስማችሁ ከእናንተ ቀድሞ ይድረስ።» ሁላችንም መዳፋችንን ወደ ፊታችን ልንመልስ ስንል የእሳቸው እጅ እንደተዘረጋ ነበር። ሽማግሌ ሳይዘጋ ማንም አይዘጋም።

«አንድ ባታ ሰጥቼ መንደሩ ለሁለት ሲከፍለው ኖረ» አሉ። «ሳማት ሁለቱንም በትክክል አነበበ፤ ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም የእኔ ድምፅ መሰሉኝ። ያኔ የተሳሳትኩት ቃሉን አይደለም። ልጅቷ ሻይ ይዛ ቆማ ሳለ እኔ ከበጓ ባለቤቶች ጋር ተነጋገርኩ።»

የዘረጋነው እጅ መክበድ ጀምሮ ነበር፤ ያወረደ ግን አልነበረም።

«ጃዝጉል» አሉ ጁማዲል። «ደወሉ ገና አልተደወለም፣ እጄም ገና አልታጠፈም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልጠይቅሽ። ምን ብዬ ልመርቅሽ?»

ጃዝጉል ከመካከላችን ወጣ ብላ ቆመች። እሷም መዳፏን እንደዘረጋች ነበር፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ላይ የጠመኔ ነጭ ነበር፣ ጠዋት ሰሌዳውን ያስጌጠችው እሷ ናትና። አያቷን አየች፣ ዶሎት ትከሻ ላይ ያለችውን ሕፃን አየች፣ ከዚያ ወደ እኛ ሳትዞር ተናገረች። ድምፏ ሒሳብ የምታስረዳበት ድምፅ ነበር።

«እንዳሉት ሁለቱንም ይበሉልኝ፣ አታ። ደወሌን ልስማ፤ ትምህርቴን ግን ገና አልጨረስኩም። ሞስኮ አልሄድም። ናሪን ሄጄ ሒሳብ እማራለሁ፤ ለእናቴም ዛሬውኑ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።»